ሙዚቃን በጎልማሳ ዕድሜ መማር፦ ከወሎ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባ

ወሎ ውስጥ ሰው ሙዚቃን ከሠርግ ቤት፣ መንዙማ ከሚዜምበት ሐድራ ወይም ከቅኔ ማኅሌት ይዞ ያድጋል። ስለዚህ ከደሴ፣ ከወልድያ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስቶ በአርባ ዓመቱ "ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሙዚቃ ልማር" የሚል ሰው ከዜሮ አይጀምርም። ጆሮው ብዙ ያውቃል። የሚቀረው የሚያውቀውን በኖታ ማንበብ፣ መጻፍና ለሌላ ሰው ማስረዳት ነው።

ከአራቱ ዋና ዋና የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅኝቶች (የዜማ ድምፆች አሰላለፍ) ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎችን ስም የያዙ ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። አምባሰል ከሐይቅ በስተሰሜን ያለ ተራራማ አገር ነው። ትዝታንና አንቺ ሆዬንም ወሎዬ የራሱ አድርጎ ያያቸዋል። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ሳይሰማ ያደገ ወሎዬ ማግኘት ይከብዳል። በደርግ ዘመን የወሎው የላሊበላ የኪነት ቡድን ደግሞ ይህን ዜማ መድረክ ላይ አውጥቶ ለብዙ ሰው አሰምቷል።

ከዘፈኑ ጎን ሁለት ትልልቅ የዜማ ባህሎች አሉ። አንዱ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ነው። ከወሎ ቦታዎች ዋድላ በቅኔ፣ ሰለልኩላ በቅዳሴ ዜማ ስማቸው የታወቀ ነው። የቤተ ክርስቲያኗን የዜማ ምልክቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ይዘት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ጭረት እያለ የተማረ መርጌታ የኖታ ወረቀት ሲያይ ብዙም ግር አይለውም። ዜማ በምልክት እንደሚያዝ ቀድሞ ያውቃል።

ሁለተኛው የሙስሊሙ መንፈሳዊ ዜማ፣ መንዙማ፣ ነው። መሪው ያወጣል፣ ጀማው ይቀበላል። ግጥሙ በቃል ከመተላለፉ በተጨማሪ በአረብ ፊደል በተጻፈ አማርኛ ሲጠበቅ ኖሯል። ሐድራ ላይ ያደገ ሰው ምት መጠበቅን፣ መቀበልንና ረጅም ግጥም በቃል መያዝን ከማንም ክፍል በፊት ተምሯል። እኔ እንደማምነው ይህ ዕውቀት በመግቢያ ፈተና ላይ እንደ ዕውቀት ሊቆጠር ይገባዋል።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሙዚቃ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። የሚገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ኮሌጅ ታቅፏል። ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ከፒያኖ፣ ከቫዮሊንና ከሳክስፎን ጎን ለጎን ይሰጡበታል። ለመግባት የወረቀት ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ የተሰጥኦ ፈተናም አለ። ድምፅ ሲሰጥህ መልሰህ ታዜማለህ፣ ምት ሲመታልህ ትደግማለህ። የሚጫወቱት መሣሪያ ካለ ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

የጎልማሳው ትልቁ ፈተና ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ነው። 12ኛ ክፍልን የጨረሰው ከብዙ ዓመት በፊት ከሆነ፣ ውጤቱ ለዘንድሮው መስፈርት ይበቃ እንደሆነ ሬጂስትራር ሄዶ መጠየቅ አለበት። ካልበቃ በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥ ይቻላል። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስለሚሰጥ ለጥቂት ቀናት ሥራና ቤት ትቶ መቆየትን ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያው ዓመት ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ሲጠናቀቅ የመውጫ ፈተናም አለ። በመደበኛ የሚገባ ተማሪ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየውን የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል።

ዲግሪ ያለው ሰው ሌላ በርም አለው። ለምሳሌ አማርኛ የሚያስተምር የደሴ መምህር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፎክሎርን (የሕዝብ ሥነ ቃልና ባህል ጥናትን) ለሁለተኛ ዲግሪ ሊያጠና፣ በሠርግ ዘፈን ወይም በመንዙማ ላይ ሊሠራ ይችላል። ይህ ተጫዋች አያደርገውም። የአገሩን ዜማ በጥናት ለማስመዝገብ ግን ጥሩ መንገድ ነው። ደግሞ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ልጆች ሙዚቃ ያለበትን ክወናና እይታ ጥበባት ይማራሉ። ስለዚህ ሙዚቃ የሚያውቅ መምህር ይፈለጋል።

ክፍል ውስጥ ከተገባ በኋላ ነው ነገሩ የሚጥመው። አምባሰል በኖታ ሲጻፍ ዶ፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶ እና በግማሽ ዝቅ ያለ ላ ነው። አንቺ ሆዬ ላይ ሶም በግማሽ ይወርዳል፤ ላ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያንጎራጉረው የኖረውን እንዲህ ተዘርዝሮ ሲያየው ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ወዲያው ደግሞ ፒያኖው የሰፈሩን አዝማሪ በትክክል እንደማይከተል ይሰማዋል። ልክ ነው። የባህል ተጫዋቾች ቃና የፒያኖ ቁልፎች ላይ ቁልጭ ብሎ አይቀመጥም። ይህን ልዩነት ወጣቱ የክፍል ጓደኛው ቶሎ ላይሰማው ይችላል። ጎልማሳው በቀላሉ ይለየዋል። መምህሩን ደፍሮ ይጠይቅ፤ ክፍሉ ሁሉ ይማርበታል።

እጅ ላይ ግን ወጣቶቹ ይቀድማሉ። በተለይ ከማሲንቆ ወደ ቫዮሊን የሚሻገር ሰው ይቸገራል። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ ጣት ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ቫዮሊን ላይ አራት ጅማት አለ፣ ጣትም ተጭኖ ይይዛል። የለመደ እጅ አዲስ ልማድ እስኪይዝ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ቀን ሙሉ ከመታገል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መለማመድ ይሻላል።

ዶርም ውስጥ "ፋዘር" ወይም "ማዘር" መባል አይቀርም። አብዛኛው ጊዜ በፍቅር ነው። የሚከብደው ደሴ የቀረው ቤት ነው፦ የልጆች ትምህርት፣ የቤት ኪራይ፣ የዕድር መዋጮና ለቅሶ መድረስ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የትምህርት ፈቃድና ከምረቃ በኋላ የሚያገለግልበትን ውል አስቀድሞ ቢጨርስ ይሻላል። ከዕድሩም ጋር ተነጋግሮ በቦታው የሚቆምለት ሰው ማቆም ያስፈልጋል። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወልድያ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ደሴ ሲደርስ የብዙ ሰው ትምህርትና ሥራ ተስተጓጉሏል፤ ዕቅዱን ሰብስቦ እንደገና የሚነሳ ሰው አሁንም አለ።

ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲመረጥ ወሎዬው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዋድላ ያሉ የዜማ አዋቂዎች፣ የመንዙማ መሪዎች፣ የባቲ ገበያ አዝማሪዎች አሉለት። ሲቀዳ ፈቃድ ይጠይቅ። የአዋቂውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ይመዝግብ። ጥናቱ ሲያልቅ የቅጂውን አንድ ግልባጭ ለባለቤቶቹ ያድርስ።