«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ የትኛው መፍታት?

የእህቴ ልጅ 12ኛ ክፍል ነው። ሰሞኑን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት አይቼ ብገባ፣ የመንፈቁን የባዮሎጂ ሃንድአውት በሙሉ አልጋው ላይ ዘርግቶ ይሸመድዳል። «ይሄ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይገባል?» ብለው፣ ቀና እንኳ ሳይል «አጎቴ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!» አለኝ። በራሱ ላይ የቀለደ መስሎኝ ነበር። ለካ ከልቡ ነው፤ ተሯሩጦ ያጠናው ነገ ጥያቄው ሲመጣ ተሯሩጦ ይፈታል ማለቱ ነው። «ይፈታል»ን የሂሳብ መፍታት አድርጎታል።

አልፈርድበትም። መታጠቅን ከየት ያውቃል? ሱሪውን የያዘለት ላስቲክ ነው።

እኔ ባደግሁበት ቤት መታጠቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አያቴ እሑድ ማለዳ ቀሚሷን ለብሳ ስታበቃ የመቀነቷን ጫፍ ለእኔ ትሰጠኛለች። ደጃፉ ጋ ቆሜ በሁለት እጄ ወጥሬ እይዛለሁ፤ እሷ ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ አድርጋ እየዞረች ወደ እኔ ትመጣለች፣ እያንዳንዱን ዙር በመዳፏ እያለሰለሰች፣ በፊተኛው ላይ እያስደረበች። ክንዴ ዝሎ ካላላሁ «አላላኸው!» ትልና ሁሉንም ፈትታ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አንድ ቀን ተናድጄ «የላላው መሀሉ ነው፣ ላዩ ጠብቋል፣ ማን ያየዋል?» ብላት «ወገቤ!» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጥታ ቁልቁለት ወርዳ ማታ ስትፈታው፣ ጫፉ ላይ የቋጠረቻት ሳንቲም እንደተቋጠረች ናት።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ግን አንድ ቀን «ከብት ማሳ ገባ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ድጉን፣ ወገቡ ላይ የሚጠመጥመውን ረጅም ጨርቅ፣ ከመደቡ ላይ ነጥቆ እየሮጠ ጠመጠመው። ጤፉ ዳር ሳይደርስ ድጉ ወርዶ እግሩ ላይ ተተበተበ። በአንድ እጁ ሱሪውን፣ በሌላው ዱላውን ይዞ ሲሮጥ ያየው መንደር ሁሉ ከኋላው «ኧረ ተፈታብህ!» እያለ ይጮሃል። ይቁም? ከብቱ ጤፉን እየጨረሰው ነው።

ይህን ተረት ከጦርነት የሚያመጡት አሉ። መታጠቅ መሣሪያ መታጠቅም ነውና፣ ክተት ሲባል በጥድፊያ የወጣ ወታደር ነው ይላሉ። ለእኔ አይዋጥልኝም። ዝናር በዘለበት ይያያዛል፤ ቢበዛ ይወልቃል እንጂ እየተፈታ እግር ላይ አይተበተብም። ተረቱ የጨርቅ ነው፣ የድግና የመቀነት። እንዲያውም ሴቶች ያወጡት ይመስለኛል፤ ወንዱ ሮጦ ሲታጠቅ ደጃፍ ቆሞ የሚስቀው ማን ነው? ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ፣ የዚያን ቀን የአያቴ ሳቅ ነው ማስረጃዬ።

የአብነት ትምህርት ቤት ይህን አስደርቦ መጠምጠም ያውቅበታል። ንባብ የሚማር ልጅ መጀመሪያ በቁጥር ፊደል በፊደል ይለዋል፤ ከዚያ ግዕዝ በሚባለው የንባብ ስልት፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ። መምህሩ ላልቶ ካገኘው ይመልሰዋል እንጂ «ለፈተናው ይበቃል» ብሎ አያሳልፈውም። ቃል በቃል መያዝማ እዚያም ሞልቷል፤ ግን ማንም በአንድ ሌሊት ያዘው አይለውም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በድግ አላሳብብም። ቢሆንም ኩረጃውና አጤሬራው ሲቀር የስንቱ ዙር መሀል ላይ ላልቶ እንደነበር ታየ።

የሚያበሳጨኝ የልጁ ስህተት አይደለም፤ እኛ ትልልቆቹ ተረቱን የምናስታውስበት ወር ነው። መስከረም ላይ ደብተር ገዝተን ዝም እንላለን፤ ቀጥሎ የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ ነው። ፈተናው ደጃፍ ሲደርስ ግን ተረቱ ከሁላችንም አፍ ይወጣል። ያን ሌሊት እኔም «አንተ! ተረቱ እንዲያ አይደለም» ብዬ ላስረዳው ጀመርኩ። «አጎቴ፣ ገና አርባ ገጽ ይቀረኛል» አለኝ።

በሩን ዘጋሁለት።