ፋን ቲዎሪ ምንድን ነው? ከውርርድ ጋር አታምታቱብኝ

«ቲዎሪዬ ተረጋገጠ!»

ይህቺን አረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። የሰሞኑ ግን ትዕግሥቴን አሟጠጠው። ስሙን የማልጠራው አንድ ተንታኝ ስለ አንድ ረጅም የፋንታሲ ታሪክ የመጨረሻ ፍልሚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሲያወራ ሰማሁት። ሁለት ሰዎች ሰይፍ ተማዘዙ። ያሸንፋል ያለው አሸነፈ። «ከሦስት ዓመት በፊት ተናግሬ ነበር» ብሎ ደረቱን ነፋ። ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ልክ ሆነ፤ ስለዚህ ቲዎሪ ነው።

አይደለም፣ ወንድሜ።

እኔ የማስተምረው ስታቲስቲክስ ነው። ስለ ሰይፍ አያያዝ የማውቀው ነገር የለም። ግምት ግን ሥራዬ ነው። መልሱን ብቻ ጽፎ የሚያስረክብ ተማሪ ሲገጥመኝ የምለው አንድ ነው፦ ስሌቱ የታለ? መልሱ ልክ ቢሆንም እጠይቃለሁ። እንዲያውም ልክ ሲሆን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ አጠገቡ ማን ተቀምጦ እንደነበርም አያለሁ።

ወደ ነገሩ እንግባ። ፋን ቲዎሪ ማለት አንባቢ ወይም ተመልካች ታሪኩ ውስጥ ካገኛቸው ፍንጮች ተነስቶ፣ ታሪኩ አፍ አውጥቶ ስላልተናገረው ነገር የሚሰጠው ማብራሪያ ነው። ማብራሪያ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። «እገሌ ያሸንፋል» ግምት ነው። «ይህ ቁስል፣ ያ ትንቢትና የዚያ ፈረስ ጉዳይ አንድ ላይ ሲታዩ ሰውየው አልሞተም ማለት ነው» ቲዎሪ ነው። የመጀመሪያው ልክ የሚሆነው ወይም የሚሳሳተው መጨረሻው ሲታወቅ ነው። ሁለተኛውን ግን ዛሬውኑ፣ መጽሐፉን ገልጦ መፈተሽ ይቻላል። ቁስሉ አለ? ትንቢቱ እንደዚያ ይላል? ሌላ የሚያብራራው ነገር የለም?

በእኛ ሙያ እንኳን ይህንንም «ቲዎሪ» አንለውም። መላምት ነው የምንለው። ቲዎሪ ብዙ ፈተና አልፎ የቆመ ነገር ነው። ግን «የአድናቂ መላምት» የሚል ሰው ስለማላገኝ ይሁን ብያለሁ። ቃሉን ትቼላችኋለሁ፣ ስሌቱን ግን አልተውም።

ከዚህ በታች የሁለት የፋንታሲ ታሪኮችን፣ ከመጽሐፍ ወደ ተከታታይ ፊልም የተሻገረውን የጌም ኦፍ ትሮንስንና የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን ትልልቅ ፍልሚያዎች እነካለሁ። ያላያችሁና ያላነበባችሁ ከዚሁ ተመለሱ።

የአንድ ለአንድ ፍልሚያን ከፍፁም ቅጣት ምት ጋር አስተያዩት። በረኛ አለ፣ መቺ አለ። ኳሷ ከጎሉ 11 ሜትር ርቃ ተቀምጣለች። በረኛው ወደ ቀኝ ዘለለ፣ ኳሷም ወደ ቀኝ መጣች፣ ያዛት። ስታዲየሙ አበደ። መቺውን አንብቦታል ወይስ ዝም ብሎ ዘሏል? ውጤቱን ብቻ አይታችሁ መመለስ አትችሉም። የመቺውን የቆመ እግርና የዳሌውን አቅጣጫ አይቶ የዘለለ በረኛ አለ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የዘለለም አለ። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ፎቶ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ቲዎሪ ያለው በረኛ የመጀመሪያው ነው። ኳሷን ባይዛትም እንኳ! እዚህ ላይ ነው ሰው የሚጠፋብኝ። በረኛው የቆመውን እግር በትክክል አንብቦ፣ መቺው ግን ኳሷን በጫማው ጫፍ ስቶ መትቷት በሌላ በኩል ብትገባ፣ ንባቡ ጥሩ ንባብ ነበር። ደራሲም ኳስ ይስታል። ፍንጩን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲደረድር ቆይቶ መጨረሻው ላይ እግሩ የሚያዳልጠው ደራሲ ሞልቷል። ያኔ «ቲዎሪህ ፉርሽ ሆነ» ብሎ አንባቢው ላይ መሳቅ ልክ አይመስለኝም። ፉርሽ የሆነው መጨረሻው ሊሆን ይችላላ።

አሁን ደግሞ ጎሉ ላይ አንድ ሳይሆን አራት ሺህ በረኛ እናቁም። የጎሉ ስፋት 7.32 ሜትር ስለሆነ አይበቃቸውም፤ ይተፋፈጉ። ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይዘላል። ከምቱ በኋላ ሁለት ሺህ ያህሉ «አንብቤዋለሁ» ብለው ይጮኻሉ። ትልቅ ተከታታይ ፊልም የመጨረሻ ምዕራፉ ላይ ሲደርስ የሚሆነው በትክክል ይኼ ነው። ገማቹ በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ፍልሚያው ደግሞ ሁለት ሰው ነው ያለው።

በቁጥር ላሳያችሁ። በአንድ ታሪክ ውስጥ 12 ፍልሚያዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱም አንድ አሸናፊ አለው። ሳንቲም እየወረወሩ ከሚገምቱ 4,096 ሰዎች መካከል በአማካይ አንዱ 12ቱንም ይመታል። አንዲት ገጽ ሳያነብ! ሌሎቹ 4,095 ሰዎች ዝም ስለሚሉ እኛ የምንሰማው የእሱን ድምፅ ብቻ ነው። ቻናል ይከፍታል፣ «ያልተሳሳተው» ይባላል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል።

ሙያዬ አላስችል ስላለኝ አንድ ነገር ልጨምር። ሳንቲሙ እስካላጋደለ ድረስ ፍልሚያው ራሱ ያጋደለ ቢሆንም ይህ ስሌት አይለወጥም። ሳንቲሙን ጥሎ ሁልጊዜ ለዋናው ገጸ ባሕርይ የሚያደላ ሰው ግን ከዚህም በላይ ይመታል፤ ምክንያቱም ደራሲዎች ዋናውን ሰውዬ ቶሎ አይገድሉትም። ስለዚህ «ጀግናው ያሸንፋል ብዬ ነበር» ማለት ከሳንቲምም ያነሰ ጀብድ ነው። ይህን ሳልል ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ግምትና ቲዎሪ ምን ያህል እንደሚለያዩ ከሁሉ በላይ የሚያሳየኝ በጌም ኦፍ ትሮንስ ውስጥ ያሉት የክሌጌን ወንድማማቾች ጉዳይ ነው። ታላቁ ግሬጎር በልጅነታቸው የታናሹን የሳንዶርን ፊት እሳት ላይ ደፍቆ አቃጥሎታል። ሁለቱ አንድ ቀን ይገጥማሉ የሚለው የአድናቂዎች ቲዎሪ ክሌጌንቦል ይባላል። እና ይህ ቲዎሪ፣ ሲጀመር፣ ስሌት ነበረው። ንግሥት ሰርሲ በሃይማኖት ሰዎች ፊት ለፍርድ ትቀርባለች። ፍርዱ በፍልሚያ እንዲሰጥ ትጠይቃለች። በእሷ በኩል የሚቆመው ከሞት በኋላ ቆሞ የሚሄደው ግሬጎር ነው። በሃይማኖቱ በኩል ደግሞ ሞቷል የተባለው ሳንዶር ይቆማል። እያንዳንዱ ደረጃ ፊልሙ ከተሠራበት መጽሐፍ የተወሰደ ማስረጃ ነበረው። ጥሩ ሥራ ነው፤ እኔ ብሆን ጥሩ ነጥብ እሰጠው ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? በፈረንጆቹ 2016 በወጣው የፊልሙ ስድስተኛ ሲዝን ወጣቱ ንጉሥ ቶመን በፍልሚያ የሚሰጥ ፍርድን ከለከለ። ቲዎሪው የቆመበት ምሰሶ በአንድ ዓዋጅ ተነቀለ ማለት ነው። ሦስት ዓመት አለፈ። ሜይ 12 ቀን 2019 በተላለፈው ክፍል ሁለቱ ወንድማማቾች በሚፈርስ ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ ተገናኙ፣ ተፋለሙ፣ ተያይዘው እሳት ውስጥ ወደቁ። ፍርድ የለም። የሃይማኖት ሰዎች የሉም። ሰርሲ አጠገባቸው ሾልካ አለፈች። ዓለም ግን በአንድ ድምፅ «ተረጋገጠ!» አለ።

ምኑ? ውርርዱን በልታችኋል፣ አልክድም። ይጋጠማሉ አላችሁ፣ ተጋጠሙ። ቲዎሪው ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሞቶ ተቀብሯል። ኳሷ ወደ ቀኝ ሄዳ፣ የጎሉን ቋሚ መትታ፣ ወደ ግራ የዘለለውን በረኛ ጀርባ ነክታ ወደ ውጭ ወጣች። በረኛው አድኗል፣ ውጤቱ ይመዘገብለታል። «አንብቤ ነው» ካለ ግን ሳቄን መቆጣጠር አልችልም።

የእኔ ተንታኝ እዚህ ላይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ዋናው መጨረሻው ነው፤ ታሪኩ ካለቀ ቲዎሪም አብሮ ያልቃል» ይላል። እንግዲያው ያለቀ ታሪክ ላምጣለት።

የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ሦስተኛው ቅጽ የወጣው በፈረንጆቹ 1955 ነው። ከታሪኩ ክፉዎች አንዱ የሆነው የጠንቋዩ ንጉሥ ሞት እዚያ ውስጥ ነው ያለው። በሰው እጅ እንደማይወድቅ ትንቢት ተነግሮለታል፤ በእንግሊዝኛው «ሰው» የሚለው ቃል «ወንድ» ማለትም ይሆናል። በመጨረሻ ኤዎዊን፣ ሴት፣ ፊቱ ላይ ሰይፏን ሰካች። ማን እንደገደለው ከዚህ ወዲያ ምን ጥያቄ አለ? አለ እንጂ። ከእሷ በፊት ሜሪ፣ ሆቢት ከሚባሉት ቁመተ አጭር ፍጡራን አንዱ፣ ከኋላ መጥቶ ጉልበቱን ወግቶታል። የሜሪ ጩቤ ደግሞ ከጥንታዊ መቃብር የወጣ፣ ያንኑ ንጉሥ ለመዋጋት በተነሱ ሰዎች የተሠራ ነው። ተራኪው ራሱ ያ ምት የንጉሡን አካል ያያያዘውን አስማት እንደበጠሰው ይናገራል። ታዲያ ትንቢቱን የፈጸመው ማነው? ሴቲቱ? ሆቢቱ? ወይስ ያ ጩቤ? ያለ ሜሪ ምት የኤዎዊን ሰይፍ ይሠራ ነበር?

ይህ ፋን ቲዎሪ የሚሠራበት ትክክለኛ ቦታ ነው። ማን እንደወደቀ ሁላችንም እናውቃለን፤ የምንከራከረው ስለ ምክንያቱ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ስንት አሥርት ዓመታት አለፉ፣ ክርክሩ ግን አላረጀም። መተንበይ የሚቻል ነገር ስላልቀረ ቀድሞ በመናገር ማንም ሊኮራ አይችልም። ደስ የሚለኝም ለዚያ ነው። ተወራራጆቹ ሄደዋል፣ የቀሩት አንባቢዎች ናቸው።

«ደራሲውስ አንባቢ እንደደረሰበት አይቶ መጨረሻውን ቢለውጥ?» ይሉኛል። መቺው በረኛው አስቀድሞ ሲዘል አይቶ በሌላ በኩል መታ ማለት ነው። ይቻላል። የጌም ኦፍ ትሮንስ መጻሕፍት ደራሲ ጆርጅ ማርቲን ግን ይህን እንደማያደርግ በአደባባይ ተናግሯል፤ ፍንጮቹ ቀድመው በመጽሐፎቹ ውስጥ ስለተዘሩ መለወጡ ታሪኩን ያበላሻል ባይ ነው። ልብ በሉ፣ እሱም የሚያስበው ስለ ስሌቱ ነው።

ሌላም ጉድ አለ። ያ ተንታኝ አዲስ «ቲዎሪ» አውጥቷል፦ በቀጣዩ ፍልሚያ ወይ አንዱ ይሞታል፣ ወይ ሁለቱም ይሞታሉ፣ ወይ አንድ ሰው መሃል ይገባል። ይህን ምን ያፈርሰዋል? ምንም። ዝርዝር በተጨመረ ቁጥር ግምት ልክ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል፤ ሲመታ ደግሞ ዋጋው በዚያው ልክ ይጨምራል። ሁሉንም በር ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው እንግዳው መምጣቱን አውቄ ነበር ቢል ማን ይሰማዋል?

ፍትሐዊ እንዲሆን የራሴንም ላስቀምጥ። በመጽሐፉ፣ በፊልሙ አይደለም፣ ክሌጌኖቹ አይጋጠሙም ባይ ነኝ። ስሌቴ ይኸውና። በፈረንጆቹ 2005 በወጣው አራተኛው የማርቲን መጽሐፍ ውስጥ አንድ ደሴት ላይ ያሉ መነኮሳት አሉ። አለቃቸው ሃውንድ የሚባለው ሰው ሞቷል ይላል። ሃውንድ የሳንዶር ቅጽል ስም ነው። ግን የሳንዶር ፈረስ እዚያው በረት ውስጥ ነው፣ በአዲስ ስም። ግቢው ውስጥ ደግሞ እያነከሰ መቃብር የሚቆፍር አንድ ግዙፍ ሰው አለ። ሳንዶር ከመጥፋቱ በፊት ጭኑ ላይ ቆስሎ ነበር። ስለዚህ ሰውየው በሕይወት አለ፣ የሞተው ውስጡ የነበረው ጥላቻ ነው ብዬ አነባለሁ። ጥላቻው ከሞተ ደግሞ ወንድሙን ፍለጋ የሚወጣበት ምክንያት የለውም።

በሚቀጥለው መጽሐፍ ያ መቃብር ቆፋሪ አካፋውን ጥሎ ሰይፍ ካነሳ ተሳስቻለሁ።