የጋቫስካር 34 ሴንቸሪ እንዴት ይቆጠራል?

የሕንዱ የክሪኬት መክፈቻ መቺ (ቡድኑ መምታት ሲጀምር ቀድመው ከሚገቡት ሁለት መቺዎች አንዱ) ሱኒል ጋቫስካር «34 ሴንቸሪ አለው» ሲባል ቁጥሩ ብዙዎችን ያደናግራል። ሴንቸሪ የሚባለው አንድ መቺ ቡድኑ ለመምታት ተራ ባገኘበት በአንድ ኢኒንግስ ውስጥ ብቻውን 100 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ሲያስቆጥር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ኢኒንግስ 60፣ በሁለተኛው 70 ያስቆጠረ ሰው ድምሩ 130 ቢሆንም ሴንቸሪ አይያዝለትም፤ በ99 የወጣም (በተጋጣሚው ቡድን ከመምታት የተሰናበተም)፣ ቢያሳዝንም፣ እንደዚያው ነው። በአንጻሩ ጋቫስካር እ.ኤ.አ. በ1983 በማድራስ ዌስት ኢንዲስ ላይ ሳይወጣ ያስቆጠረው 236 የሚቆጠረው እንደ አንድ ሴንቸሪ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ደንቡ የማያሻማ ነው፤ የሚለያየው መዝገቡ የሚያካትተው የጨዋታ ዓይነት ነው። 34ቱ ሁሉ የተገኙት ለቀናት በሚዘልቀው የቴስት ግጥሚያ ሲሆን፣ በአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ያለው በ1987ቱ የዓለም ዋንጫ ኒውዚላንድ ላይ ያስቆጠረው አንድ ብቻ ነው። በመክፈቻነት የተመቱት ብቻ ይቆጠሩ ከተባለ ደግሞ ቁጥሩ 33 ይሆናል፤ ያን 236 የመታው በአራተኛ ተራ ገብቶ ነውና። ሁለት ጓደኞቹ ቡድኑ ገና ዜሮ ላይ ሳለ ስለወጡ ሥራው በእኔ አመለካከት ከመክፈት አይለይም፤ መዝገቡ ግን የሚያየው የመግቢያ ተራን ነው።