የኋላ መስታወት ማሞቂያ፦ የሚባለውና እውነታው

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት መኪና ማስነሳት የራሱ ጣጣ አለው። ውጭ ዝናብና ብርድ ነው። ውስጥ አራት አምስት ሰው ይተነፍሳል፣ ጃንጥላው ያንጠባጥባል፣ እርጥቡ ጃኬት ወንበር ላይ ተጥሏል። ያ ሁሉ እርጥበት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲያገኝ ጉም ሆኖ ይለጠፍበታል። የፊቱን በንፋስ ማጽዳት ይቻላል። ለኋላው የተሠራው ግን ብዙ ሰው ነክቶት የማያውቀው ማብሪያ ነው፤ አራት ማዕዘን ላይ ወደ ላይ የሚጠማዘዙ ሦስት ቀስቶች ያሉበት።

አንድ ቀን ሲነካ ደግሞ አይሠራም። ወይም አንዱን ቦታ አጽድቶ ሌላውን ይዘላል። ይሄኔ መካሪው ይበዛል። «መስታወቱን ቀይረው» ይላል አንዱ። «ሱፐር ግሉ ጠብ አድርግበት» ይላል ሌላው። «ተወው ባክህ፣ እኛ አገር በረዶ የለ» የሚልም አይጠፋም። የእነዚህ ሁሉ ስህተት መነሻው አንድ ይመስለኛል፤ መስታወቱ ላይ ያሉት፣ የሚያሞቁት ቀጫጭን አግድም መስመሮች ከምን እንደተሠሩ ልብ የሚል የለም።

«መስመሮቹ መስታወቱ ውስጥ የተቀበሩ ሽቦዎች ናቸው»

አይደሉም። ቀለም ናቸው። ፋብሪካው የብር ብናኝና የመስታወት ዱቄት ያለበትን ወፍራም ቀለም፣ ልክ ቲሸርት ላይ ጽሑፍ እንደሚታተመው፣ መስታወቱ ላይ ያትመዋል። መስታወቱ እንዲጠነክር ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚግል ምድጃ ሲያልፍ ቀለሙም አብሮ ይጋገርና ይጣበቃል። ከመኪናው ውስጥ በኩል በጣታችሁ ጫፍ ብትነኩት ትንሽ ጎበጥ ያለ ነገር ይሰማችኋል። ከውጭ በኩል ልሙጥ ነው።

ስለዚህ ከውጭ የሚፋቀው ነገር አይነካውም። ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ያለ ዘመዳችን ጠዋት ጠዋት በረዶውን በፕላስቲክ መፋቂያ ሲያነሳ «መስመሩን እንዳልቆርጠው» ብሎ መሳቀቅ የለበትም። አደጋው ከውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር ጀርባ የተጫነ ካርቶን አለ። የልጅ ብስክሌት ፔዳል አለ። ጉሙን በእጅ ስንጠርግ የሚጭር የጣት ቀለበት አለ። የድሮ ስቲከር ለማንሳት የሚገባው ምላጭ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ በአንድ ጉተታ አምስት ስድስት መስመር ይቆርጣል። ስቲከሩን በሳሙና ውሃ አርሳችሁ፣ ታግሳችሁ በጥፍር አንሱት። መስታወቱን ስትጠርጉም በመስመሮቹ አቅጣጫ ከጎን ወደ ጎን ይሁን እንጂ ከላይ ወደ ታች አይሁን።

አንዳንድ መኪኖች የፊት መስታወታቸው ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ እንዳላቸው እውነት ነው። እሱ ሌላ ዕቃ ነው። እዚህ የምንለው ጥገና ለእሱ አይሆንም።

«አንዱ መስመር ከተቆረጠ ሁሉም ይጠፋል»

በመስታወቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ወፈር ያለ ቋሚ መስመር አለ። በአንዱ ኤሌክትሪክ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። በመካከላቸው ያሉት አግድም መስመሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ ናቸው። 12 መስመር ያለው መስታወት በ12 ቮልት 15 አምፔር ይወስዳል እንበል። ጠቅላላው 180 ዋት ነው። ለእያንዳንዱ መስመር 15 ዋት ይደርሰዋል። አንዱ ቢቆረጥ የእሱ 15 ዋት ይቀራል፤ ሌሎቹ 11 እንደነበሩ ይቀጥላሉ። «ጭነቱ ወደ ሌሎቹ ይዞርና እነሱንም ያቃጥላል» የሚባለው ወሬም በዚሁ ይወድቃል።

ታዲያ አንድ መስመር ስለጠፋ መጠገን ግድ ነው? ከላይ ወይም ከታች ዳር ያለ ከሆነ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ስፖኪዮ ስታዩ ልክ መሃል ላይ የሚጋርድ ከሆነ ግን ይጠገን።

«ሁሉም ከጠፋ መስታወቱ አብቅቶለታል»

ነገሩ ተቃራኒ ነው። አሥራ ምናምን መስመር በአንድ ቀን ራሱን አይቆርጥም። ምላጭ ሳይነካው ሁሉም አብሮ ከጠፋ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪኩ መስታወቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ፊውዙን እዩ፤ ብዙ መኪና ላይ ከ20 እስከ 30 አምፔር ያለው ነው። ማብሪያው ሲነካ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውን ሪሌም እዩ። ሞተር ካልተነሳ ጭራሽ የማይሠራበት መኪናም ስላለ አስነስታችሁ ሞክሩ። መስታወቱ ጠርዝ ላይ ያለው ሶኬት ወልቆ ተንጠልጥሎ እንደሆነም ማየት ነው።

እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉ፣ የኋላ በራቸው ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት መኪኖች ላይ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሌላ ቦታ ነው። ከጣሪያው ወደ በሩ የሚገባ፣ አኮርዲዮን የመሰለ የጎማ ቱቦ አለ። ሽቦዎቹ የሚያልፉት በእሱ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ዓመታት ሲያልፉ መጀመሪያ ፕላስቲካቸው ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ መዳቡ ይበጠሳል። ከማሞቂያው ጋር የታርጋ መብራቱ ወይም የኋላው ዝናብ መጥረጊያ አብሮ ካስቸገረ ሌላ ቦታ አትድከሙ። ጎማውን አላቅቁና ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት አድርጉ። የተበጠሰው እጃችሁ ላይ ይመጣል። ለዚህ መስታወት ያስቀየረ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ነው ያፈሰሰው።

«የተቆረጠው ቦታ በዓይን ካልታየ አይገኝም»

ቁርጡ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ሊሆን ይችላል። በዓይን መፈለግ ያሰለቻል። በእጅ መዳሰስም አያዋጣም፤ ሙቀቱ ለብ ከማለት ብዙ ስለማያልፍ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ከሆነ ልዩነቱ አይታወቅም።

ቀላሉ መንገድ ብርድ ባለበት ማለዳ ማብራት ነው። መስታወቱ ጉም ካልያዘ ጠጋ ብላችሁ «ሃ» ብላችሁ ተንፍሱበት። ጤነኛው መስመር ዙሪያውን ያጸዳል። የተቆረጠው ከዳር እስከ ዳር ጉሙን ይዞ ይቀራል። አሁን የትኛው መስመር እንደሆነ ታውቋል፤ የቀረው የቱ ጋ እንደሆነ ነው። ለዚህ መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ያስፈልጋል፣ ርካሹም ይበቃል።

ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። ጥቁሩን ጫፍ ቀለም ካልነካው የመኪናው ብረት ጋር አገናኙ። የቀዩን ጫፍ ሹል በትንሽ የአልሙኒየም ፎይል ጠቅልሉት፤ እንዲያው ከነሹሉ ከጎተታችሁት ራሳችሁ አዲስ ቁርጥ ትሠራላችሁ። ማሞቂያውን አብሩ። መጀመሪያ ጤነኛ መስመር ላይ ሞክሩ። ኤሌክትሪክ በሚገባበት ጫፍ 12 አካባቢ ይላል። ወደ ሌላው ጫፍ ስትሄዱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ 10፣ 8፣ መሃል ላይ 6፣ እያለ መጨረሻው ወደ ዜሮ ይጠጋል። አሁን የተቆረጠው ላይ ሂዱ። 12። አንድ ስንዝር ገፋ አድርጉት፣ አሁንም 12። አሁንም 12። ከዚያ በአንዴ ዜሮ። ቁርጡ እዚያች ላይ ነው። ከውጭ በኩል በማርከር ምልክት አድርጉበት፤ በኋላ በጨርቅ ይጠፋል።

ሁሉም መስመሮች ከዳር እስከ ዳር 12 ካሳዩ ደግሞ መስመሮቹ ደህና ናቸው። መመለሻው የኔጋቲቭ ሽቦ ነው የተበጠሰው።

«ሲልቨር ቀለም ያው ሲልቨር ቀለም ነው»

ይሄ ብዙ ሰው ያሞኛል። የብረት በር የሚቀባው ሲልቨር ቀለም ውስጥ ያለው የአልሙኒየም ፍቅፋቂ ነው። እያንዳንዱ ፍቅፋቂ በማጣበቂያው ስለሚሸፈን እርስ በርሱ አይነካካም፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። መስመሩ ሙሉ መስሎ ይታያል፣ ሥራ ግን የለም። የእርሳስ ጭረትም እንደዚያው ነው፤ ጥቂት ያስተላልፋል፣ ግን መስመሩ ለሚፈልገው ከአንድ አምፔር በላይ ለሆነ ኤሌክትሪክ አይበቃም። ፎይል በፕላስተር መለጠፍስ? ንክኪው የላላ ስለሆነ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል፣ ሲሞቅም ፕላስተሩ ይነሳል።

የሚያስፈልገው ብዙ የብር ብናኝ ያለበት፣ ለኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ የተሠራ ቀለም ነው። በትንሽ ጠርሙስ ለዚሁ ጥገና ተብሎ ይሸጣል። ለመጠኑ ውድ ነው። ከመስታወት ጋር ስታወዳድሩት ግን ምንም ማለት አይደለም።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። ማሞቂያውን አጥፉ። ቦታውን በአልኮል አጽዱና ይድረቅ። ከመስመሩ በላይና በታች ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ በመካከል የሚቀረው ክፍተት የመስመሩን ስፋት ያህል ይሁን። ጠርሙሱን በደንብ ናጡት፤ ብሩ ከባድ ስለሆነ ታች ይዘቅጣል፣ ሳይናጥ የተቀባ ቀለም ባዶ ማጣበቂያ ነው። ቁርጡ ላይ ብቻ አትቀቡ። በሁለቱም በኩል አንድ ሴንቲሜትር ያህል ጤነኛው መስመር ላይ ውጡ። ቀለሙ ጭርሱን ሳይደርቅ ፕላስተሩን ቀስ ብላችሁ አንሱት፤ ከደረቀ በኋላ ከተነሳ ጠርዙን ይዞ ይላጣል። ከዚያ 24 ሰዓት አትንኩት። ጥገና ሲበላሽ ካየኋቸው ምክንያቶች ዋናው ችኮላ ነው፤ በዚያው ማታ አብርቶ ማየት። ሌላው መሣሣት ነው። ቀለሙ ስስ የሆነበት ነጥብ ላይ ሙቀቱ ይከማችና እዚያው ይቃጠላል።

ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ቁርጥ በዚህ መንገድ ጥሩ ይሆናል። ስንዝር ሙሉ የተላጠ ግን አያስተማምንም።

«የወለቀውን ሶኬት ሱፐር ግሉ ይይዘዋል»

ይይዘዋል፣ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። እንዲያውም በብረቱና በቀለሙ መካከል ገብቶ ይጋርዳል፤ በኋላ በአሴቶን ማጽዳቱ ሌላ ሥራ ነው። ለዚህ ብር ያለበት፣ ሁለቱ ተደባልቀው የሚጠነክሩ ዓይነት ማጣበቂያ አለ። የለመደ ኤሌክትሪክ ሠሪ ደግሞ ብር ባለበት ሶልደር ይበይደዋል። የለመደ ያልኩት በምክንያት ነው። የሶልደሩ ብረት ከቆየበት የታተመውን ብር ከመስታወቱ ያነሳዋል፣ መስታወቱንም ሊሰነጥቅ ይችላል።

«ባትሪ ይጨርሳል»

ሞተር ጠፍቶ ከሆነ አዎ። 15 አምፔር ለግማሽ ሰዓት ያረጀ ባትሪን ያስቸግራል። ሞተር ከተነሳ ግን ዲናሞው ይሸከመዋል። ብዙ መኪኖችም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ራሳቸው ያጠፉታል፤ «ራሱ እየጠፋ ነው፣ ተበላሽቷል» ብሎ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ስላለ ይህን ልብ በሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፣ ጥያቄውም ተመልሶ መጥቷል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 180 ዋት ለአንድ ሙሉ ሰዓት ቢበራ 0.18 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። 45 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ኪሎሜትር የሚበላው የኋላ መስታወቱ ሳይሆን የውስጡን አየር የሚያሞቀው ነው።

«ቲንት ከተለጠፈበት አይሠራም»

ይሠራል፤ ሙቀቱ ያልፋል። ጥገና ለማድረግ ግን መስመሮቹ ያሉት ከቲንቱ ላስቲክ ስር ስለሆነ ላስቲኩ መነሳት አለበት። ያረጀ ላስቲክ ሲላጥ መስመር ይዞ የሚነሳበት ጊዜ አለ፤ ለሠራተኛው አስቀድማችሁ ንገሩት።

«ውርጭ ካለ የሞቀ ውሃ ማፍሰስ ይበልጣል»

ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳር ማለዳ ይህን የሚያደርግ ሰው አለ። መስታወቱ በድንገት ሲሞቅ አንዱ ቦታ ይለጠጣል፣ ሌላው እንደቀዘቀዘ ይቀራል። የኋላ መስታወት ደግሞ ሲሰበር እንደ ፊቱ ተሰንጥቆ አይቀርም፤ እንደ ጨው ይረግፋል።

«መስታወት ከተቀየረ ችግሩ አለቀ»

መቀየር የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቋሚው ወፍራም መስመር ከተላጠ ወይም ምላጭ ብዙ ቦታ ከቆራረጠው ሌላ መላ የለም። ያኔ ብዙ ሰው ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ መስታወት ይገዛል። ችግሩ የሚታየው ስንጥቅ ብቻ መሆኑ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ሶኬቶች ለኩ። ከላይ እንደ ምሳሌ የወሰድነው 15 አምፔር መስታወት 0.8 ኦም ያህል ያሳያል፤ ሌላውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካክታችሁ የሚያሳየውን ቀንሱለት። ምንም ካላነበበ፣ ወይም አምስት ስድስት ኦም ካለ፣ ሌላ መስታወት ይምጣ በሉ። ከላይ በኩል ከሌሎቹ ተለይተው የተሳሉ መስመሮች ካሉም የሬዲዮ አንቴና ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የድሮው መስታወታችሁ ላይ እንደነበሩ አረጋግጡ፤ ያለዚያ ማሞቂያው ይሠራል፣ ሬዲዮው ይንጫጫል።