የቢሮ ስልክን ከክላውድ ቮይስሜይል ጋር ማገናኘት ምንድን ነው?

ብዙ ቢሮ ያለው ነገር ይሄ ነው፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፒቢኤክስ (የቢሮውን ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) አለ፣ ከሱ ለየጠረጴዛው ኤክስቴንሽን (የውስጥ መስመር) ወጥቷል፣ ደንበኛ ይደውላል ኦፕሬተሯ ታስተላልፋለች፣ ሰውየው ወጣ ብሏል፣ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይቆማል። ደንበኛው ምን ፈልጎ እንደነበር የሚያውቅ የለም። ክላውድ ቮይስሜይል የሚገባው እዚህ ጋር ነው። ያልተነሳውን ጥሪ ተቀብሎ ሰላምታ የሚያሰማው፣ መልእክቱን የሚቀዳውና በኢሜይል የሚልከው ሰርቨር ቢሮ ውስጥ ሳይሆን የሌላ ድርጅት ዳታ ሴንተር ውስጥ ይሆናል ማለት ነው። ፒቢኤክሱም ስልኮቹም እንዳሉ ይቆያሉ።

ይሄን ሲሰሙ "በቃ ጥሪውን ወደ ክላውዱ ቁጥር ፎርዋርድ ማድረግ ነዋ" የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ልክ ናቸው ግን ገና ግማሹ ነው። ዋናው ነገር ጥሪው ክላውድ ጋር ሲደርስ መጀመሪያ ለማን ተደውሎ እንደነበረ አብሮ መድረሱ ነው፣ እሱ ከጠፋ የቀረው ሁሉ ቢሰራም ቮይስሜይሉ አይሰራም።

ለምሳሌ ደንበኛ ወደ 204 ደወለ፣ 204 ሂሳብ ክፍል ነው እንበል፣ 20 ሰከንድ ጠራ የሚያነሳ የለም። ፒቢኤክሱ ጥሪውን ሲያዞረው በሚልከው የሲፕ (መሣሪያዎች ጥሪን በኔትወርክ ለማገናኘት የሚነጋገሩበት ቋንቋ) መልእክት ውስጥ ሶስት ነገር መኖር አለበት፣ የደዋዩ ቁጥር፣ የቮይስሜይሉ ቁጥር፣ እና "ይሄ ከ204 የዞረ ነው፣ ስላልተነሳ" የሚል መስመር። ይሄ ሶስተኛው በሁለት ዓይነት መንገድ ይጻፋል፣ አንዱ ዳይቨርዥን ይባላል ሌላው ሂስትሪ ኢንፎ። በይፋ ስታንዳርዱ ሂስትሪ ኢንፎ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ በ2014 ታድሷል፣ ዳይቨርዥን ግን በ2010 ሲመዘገብ ራሱ "ታሪካዊ" ተብሎ ነው፣ ቢሆንም ገበያው ላይ በብዛት የምታገኙት እሱኑ ነው። ፒቢኤክሳችሁ አንዱን እየላከ ክላውዱ ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ ደንበኛው የሂሳብ ክፍሉን ሰላምታ በመስማት ፈንታ "እባክዎ የመልእክት ሳጥን ቁጥር ያስገቡ" ይባላል፣ እሱ ደግሞ ምን ቁጥር ያውቃል፣ ዘግቶ ይሄዳል።

አስተሪስክ የሚባለውን የፒቢኤክስ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ እዚህ ጋር ልብ በሉ። ዳያልፕላኑ (ጥሪ ወዴት እንደሚሄድ የሚጻፍበት ቦታ) 204ን ጠርቶ ካልተነሳ በኋላ ወደ ክላውዱ በሚወስደው ትራንክ (መስመር) እንዲደውል ብቻ ከጻፋችሁት ሲስተሙ ጥሪው የዞረ መሆኑን አያውቅም፣ እንደ አዲስ ጥሪ ነው የሚልከው። ሪዳይሬክቲንግ የሚባለው ፈንክሽን ላይ 204ን ራሳችሁ መሙላት አለባችሁ። ኔትወርኩ ላይ ምንም ችግር ሳይኖር ሰዉ ፋየርዎል (የኔትወርኩን መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠረውን) ሲፈትሽ የሚውልበት ጉዳይ ይሄ ነው።

ሲፕ የማያውቅ የድሮ አናሎግ ፒቢኤክስ ከሆነ ያላችሁ መሀል ላይ ጌትዌይ የሚባል አስተርጓሚ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከፒቢኤክሱ ጥቂት ኤክስቴንሽኖች ወስዳችሁ ጌትዌዩ ላይ ትሰካላችሁ፣ ፒቢኤክሱ ጥሪ ሲያዞር 204 የሚለውን ቁጥር በቁልፍ ድምፅ ይልክለታል፣ ጌትዌዩ ያንን ሰምቶ ወደ ሲፕ ይቀይረዋል። ይሄን ሳታደርጉ በተራ የስልክ መስመር ወደ ውጭ ቁጥር ፎርዋርድ ብታደርጉ ግን የ204 ነገር መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

ድምፁ ደግሞ ከሲፑ ተለይቶ በሌላ ፖርት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጥሪው ተነስቶ፣ ኢሜይሉም መጥቶ፣ ፋይሉን ስትከፍቱት ግን ዝም ያለ 30 ሰከንድ ካገኛችሁ ሲፑ ተነጋግሯል ድምፁ ግን አልደረሰም ማለት ነው። መጀመሪያ ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለውን አጥፉ፣ አግዛለሁ ብሎ በሲፕ መልእክቱ ውስጥ ያለውን አድራሻ ስለሚቀያይር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። በጂ 711 ኮዴክ (ድምፁ ወደ ዳታ የሚቀየርበት መንገድ) አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ ወደ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ነው የሚፈልገው፣ ብዙ አይደለም፣ ችግሩ መቆራረጡ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ያልተነሳ ጥሪ ወዴት ይሂድ የሚለውን ቀድማችሁ ወስኑ፣ ቢያንስ ወደ ኦፕሬተሯ ይመለስ።

ስልኩ ላይ ያለችው የመልእክት መብራትስ? እሷ ከክላውዱ ወደ ፒቢኤክሱ በሚመጣ ማሳወቂያ ነው የምትበራው፣ ፋየርዎሉ ወደ ውጭ ብቻ ከፈቀደ መልእክት እያለ መብራቷ አትበራም።

ፓስወርድ ላይ አደራ። የሳጥኑ ሚስጥር ቁጥር 1234 ወይ ራሱ ኤክስቴንሽኑ ሆኖ ከቀረና ከሳጥኑ ውስጥ ወደ ውጭ መደወል ከተፈቀደ፣ ሌባ ማታ ገብቶ በናንተ ወጪ ውጭ ሀገር ሲደውል ያድራል። ያንን አገልግሎት ዝጉት። ጥሪውንም ኢንክሪፕት አድርጉት፣ ሲፑን ቲኤልኤስ፣ ድምፁን ኤስአርቲፒ በሚባሉት የኢንክሪፕሽን መንገዶች። የደንበኛ ድምፅ የግል መረጃ ነው፣ ኢትዮጵያም ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አላት፣ ሰርቨሩ የት ሀገር እንዳለና ቅጂው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አቅራቢውን በጽሁፍ ጠይቁት።

ሌላም ጥያቄ አለ፣ አገልግሎቱ ቢዘጋስ? ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ በሚባለው የኢሜይል ሰርቨሩ ላይ ከኤክስቼንጅ 2007 ጀምሮ የሌሎችን ፒቢኤክስ የሚቀበል ቮይስሜይል ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የክላውዱን ግንኙነት እንደሚያቋርጥ አስታወቀ፣ ኤክስቼንጅ 2019 ላይ ደግሞ ነገሩን ጨርሶ አስወገደው። ብዙ ቢሮ ሌላ አቅራቢ መፈለግ ነበረበት። ስለዚህ ሰላምታዎቹንና የድሮ መልእክቶችን በተራ የድምፅ ፋይል ማውጣት እንደሚቻል ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

መልእክቱን ወደ ጽሁፍ የሚቀይረውን ነገር ሻጮች በጣም ያወሩለታል፣ እናንተ ግን በሙከራው ጊዜ ደንበኞቻችሁ እንደሚያወሩት በአማርኛ፣ ከመኪና ውስጥ ሆናችሁ፣ ስምና የደረሰኝ ቁጥር እየተናገራችሁ ሞክሩት። ጽሁፉ ካልሆነ ችግር የለውም፣ የድምፅ ፋይሉ ራሱ ከኢሜይሉ ጋር ተያይዞ ይምጣ እንጂ በሊንክ ብቻ አይሁን።