የዋርጌም ሚኒያቸር መቀባትና ቤዝ መስራት፣ ከፒያሳና ከመርካቶ ሆኖ ሲታይ

ዋርጌም የሚባለው ሁለት ሰው ጠረጴዛ ላይ ፊገር ወይም ሚኒያቸር የሚባሉ ትንንሽ ወታደሮች ደርድሮ፣ በሜትር እየለካ እያንቀሳቀሰ፣ ዳይስ እየጣለ የሚዋጋበት ጨዋታ ነው። ግን ጨዋታው የስራው ግማሽ እንኳን አይሆንም፣ አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው ፊገሮቹን በመገጣጠም፣ በመቀባትና ከእግራቸው ስር ያለችውን ቤዝ በማሳመር ነው። ለመቀባቱ ሲል ብቻ የገባም ሞልቷል።

ታሪኩ ባጭሩ፣ የፕሩሺያ መኮንኖች በ1824 እኤአ ካርታ ላይ በትንንሽ ቁራጮች ይጫወቱ ነበር፣ እሱ ላይ ቅብ የለም። ኤች ጂ ዌልስ በ1913 የአሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ ሕግ በመጽሐፍ አወጣ። ጌምስ ወርክሾፕ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1975 ተቋቋመ፣ ዋርሀመር የተባለው ጨዋታው በ1983 ወጣ፣ የጠፈሩ ዋርሀመር 40,000 ደግሞ በ1987። ከዛ በኋላ ቀለሙም ብሩሹም ራሱን የቻለ ገበያ ሆነ።

የፊገሩ ቁመት ብዙ ጊዜ 28 ሚሜ ነው፣ 15 እና 6 ሚሜም አለ። እዚ ጋር ነው ምርጫው የሚከብደው። ዓድዋን ልስራ ላለ ሰው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲየሪ ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነበረው፣ የኛው ወገን ደግሞ 100,000 ገደማ ይባላል። አንድ ፊገር 100 ሰው ይወክላል ብንል እንኳን ለጣሊያን 177፣ ለኛ 1,000 ፊገር መቀባት ነው። በ28 ሚሜ ይሄ እድሜ ይጨርሳል፣ ስለዚ 15 ወይም 6 ሚሜ ይሻላል፣ 28 ሚሜ የፈለገ ደግሞ አንድ ግንባር ብቻ፣ ለምሳሌ ከጣሊያን ጦር የጄኔራል አልቤርቶኔን ብርጌድ ወስዶ እሱን ይስራ።

ፊገሩ ራሱ ከውጪ ነው የሚመጣው፣ ወይ ሰው ሲመጣ ያመጣል ወይ እዚሁ በሬዚን ፕሪንተር፣ ፈሳሽ ፕላስቲክ እያጠነከረ ቅርፅ በሚያወጣ ማሽን፣ ይታተማል። ሌላው እቃ ግን ከፒያሳ እስከ መርካቶ ባለው መንገድ ውስጥ አይጠፋም። ከተር፣ ትንሽ ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሱፐር ግሉ፣ ነጭ ኮላ፣ የሰዓሊ አክሪሊክ። ፕላስቲኩ ላይ ፊገሩ ከፈሰሰበት ቅርፅ ማውጫ የቀረውን መስመር በከተር ጀርባ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው፣ ይሄን የዘለለ ቀለሙ ሲደርቅ መስመሩ ፊት ላይ ጠባሳ ሆኖ ይወጣበታል። አሴቶን ግን ፕላስቲክ ፊገር አጠገብ አይድረስ፣ ያቀልጠዋል።

ቀጥሎ ፕራይመር፣ ቀለሙ እንዲይዝ መጀመሪያ የሚነፋው ማለት ነው። ስፕሬይ በአውሮፕላን ሻንጣ ይዞ መምጣት አይፈቀድም፣ ስለዚ የሚቀረው የመኪና ስፕሬይ ነው፣ የመኪና እቃ በሚሸጥበት ሲጠየቅ የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ማቱን ማለት ያስፈልጋል። ክረምት ላይ እርጥበቱ ፕራይመሩን ጭጋግ ያስመስለዋል፣ በጋ ላይ ደግሞ በቀትር ፀሐይና ንፋስ ከተነፋ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ሸካራ ሆኖ ያርፋል። ጠዋት ረፋዱ ላይ፣ በረንዳ ጥግ፣ ቀጠን ቀጠን አድርጎ ሁለቴ መንፋት ጥሩ ነው። ስፕሬይ ያልተመቸው ጌሶ፣ ሰዓሊ ሸራ የሚያዘጋጅበትን ቅብ፣ በብሩሽ ይቀባል፣ ይዘገያል እንጂ ይሰራል።

ቀለም ላይ ሁሉም የሚስማማበት ነገር ማቅጠን ነው፣ አንድ ወፍራም ከሚቀባ ሁለት ቀጭን። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ስለሆነ አክሪሊክ ሳህን ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ለዛ እርጥብ ስፖንጅ ላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ዘርግቶ ቀለሙን እዛ ላይ ማዋሃድ ሰዓታት ያቆየዋል። ከዛ መሰረቱን ቀለም መቀባት፣ ዋሽ የሚባለውን ውሃ የበዛበት ጥቁር ቀለም እጥፋቱ ውስጥ ማፍሰስ፣ ከዛ ብሩሹን በሶፍት አድርቆ ጫፍ ጫፉን ፈካ ባለ ቀለም መዳበስ፣ እሱ ድራይ ብራሽ ነው። ለ200 ፊገር ይሄ ሶስቱ ይበቃል።

የኛ ሰራዊት ችግሩ ነጭ ነው። ሸማው ነጭ፣ ሱሪው ነጭ፣ እና ነጭ ከሁሉም ቀለም ከባዱ ነው፣ ቀጥታ ከተቀባ ኖራ ይመስላል። ግራጫ ወይም ቡናማ ቢጤ ላይ ተጀምሮ፣ ነጣ ባለ ክሬም ተነስቶ፣ ንፁህ ነጭ የሚነካው የትከሻና የጉልበት ላይኛው እጥፋት ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ አንዲት ቀይ መስመር ጥለት ካደረጉባት በቃ፣ ጥበቡን ልሳል የሚል ያብዳል። ፊት ላይ ከጥቁር ሳይሆን ከቀላ ያለ ጥቁር ቡናማ መጀመር፣ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ሞቅ ያለ ቡናማ። አይን? በባህላዊ ስዕላችን ወገን ሁለት አይኑ እየታየ፣ ጠላት በጎን በአንድ አይን ነው የሚሳለው፣ የድሮ የዓድዋ ስዕሎች ላይም እንደዛ ነው፣ 15 ሚሜ ላይ ግን ለማንም አይን አይሳልም፣ የቅንድቡ ጥላ ይበቃል። ከጣሊያን ወገን አስካሪዎቹ፣ ለጣሊያን የተሰለፉት የኤርትራ ወታደሮች፣ ለመቀባት ደስ ይላሉ፣ ታርቡሽ የሚባለው ቀይ ቆብ፣ ነጭ ልብስ፣ የመታጠቂያው ቀለም በየሻለቃው ይለያያል። ጎፈር፣ ለምድና ጋሻ ማየት ለፈለገ 6 ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፣ ፒያሳም በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ።

አሁን ቤዝ። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ፊት ላይ ያባከነውን ሰዓት ግማሹን እዚ ቢያደርገው ሰራዊቱ ይለወጣል፣ ምክንያቱም ጠረጴዛ ላይ ከክንድ ርቀት ነው የሚታየው፣ ከዛ ርቀት ደግሞ አይን የሚያርፈው መሬቱ ላይ ነው። ሶስት የተለያየ ሰው የቀባቸው ፊገሮች እንኳን የቆሙበት ቤዝ አንድ ከሆነ አንድ ሰራዊት ይመስላሉ። ክቡ 25 ወይም 32 ሚሜ ለነጠላ ፊገር ነው፣ በ15 ሚሜ ግን ብዙ ጊዜ 40 ሚሜ ስፋት ያለው ቤዝ ላይ ሶስት አራት ሰው ይቆማል። ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ እንጨት በሌዘር የሚቆርጡ ማስታወቂያ ሰሪዎች ፋይሉን ከተሰጣቸው ይቆርጡታል። የጣሊያኑን ቀጥ አድርጎ በሰልፍ፣ የኛን ደግሞ ፈንጠር ፈንጠር አድርጎ ማጣበቅ ነው፣ አንዱ ወደ ፊት የወጣ፣ አንዱ የተንበረከከ።

ኮላ ተቀብቶ የተነፋ አሸዋ ይነሰነስበታል፣ ያድራል፣ በጥቁር ቡናማ ይቀባል፣ ከዛ በፈካ ቡናማ ድራይ ብራሽ። ከግቢ አፈር የሚወስድ ሰው መጀመሪያ መጥበሻ ላይ ያምሰው፣ ነፍሳትና ሻጋታ እንዳይከተለው። የቡና አተላም እንደዛው በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል። ድንጋይ ለመስራት የባህር ዛፍ ቅርፊት ተሰባብሮ ይበቃል። ሳር ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው አረንጓዴ ሳር የአውሮፓ ሜዳ ነው፣ የካቲት ውስጥ ዓድዋ አረንጓዴ አይደለም፣ በጋ ነው፣ ሳሩ ደርቆ ቢጫ ነው። ለዛ የጤፍ ጭድ ደቀቅ ተደርጎ በቁንጥር በቁንጥር ሲተከል ምንም ቀለም አይፈልግም። ከዛ የአፈሩን ቀለም በደረቅ ብሩሽ የሸማው ጫፍና እግሩ ላይ መዳበስ፣ ያኔ ሰውየው ከመሬቱ ጋር ይገናኛል። የቤዙ ጠርዝ ደግሞ ለሁሉም አንድ አይነት ቡናማ፣ ወይም የኛና የጣሊያን ለመለየት ሁለት።

መጨረሻ ማት ቫርኒሽ፣ የማያብረቀርቅ መከላከያ ቅብ ማለት ነው፣ ፊገር በእጅ ስለሚነሳ ያለሱ አፍንጫና ጠመንጃ ጫፍ ይላጣል። ከቤዙ ስር ትንሽ ማግኔት ተጣብቆ ፊገሮቹ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቀመጡ ሚኒባስ ላይ ተጭነው ከመርካቶ 4 ኪሎ ቢሄዱም አይወድቁም፣ ቆርቆሮው ግን ማግኔት የሚይዝ መሆኑን ሲገዙ መሞከር ነው፣ አልሙኒየሙ አይይዝም።