የአየርላንድ ፖሊስ ብዛት፣ አደንዛዥ ዕፅና የሰፈር ሰላም፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

የአየርላንድ ብሔራዊ ፖሊስ «አን ጋርዳ ሺኦኾና» ይባላል። በአይሪሽ ቋንቋ «የሰላም ጠባቂዎች» ማለት ነው። ሕዝቡ አንዱን «ጋርዳ»፣ ሲበዙ «ጋርዲ» ይላቸዋል። ደንብ ለባሾቹ ባብዛኛው ሽጉጥ አይታጠቁም። ስንት መሆን አለባቸው? የት ይቁሙ? ዕፅ የሚሸጥበት ደጃፍ ላይ የሚደርሱት መቼ ነው? አየርላንድ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። ደብሊን የሚኖር ሐበሻ ሬዲዮ ሲከፍት ይሰማዋል። በአማርኛ ግን አንድ ላይ ተሰብስቦ አላገኘሁትም። ለዚህ ነው ያጠናቀርኩት። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያለ ጠመንጃ የተጀመረ ኃይል

ፖሊሱ የተመሠረተው በ1922 ነው። ከእሱ በፊት በብሪታኒያ አገዛዝ ሥር የነበረው ፖሊስ ጠመንጃ የታጠቀ ኃይል ነበር። ብዙ አየርላንዳዊ የሚያየው እንደ ገዢ ክንድ ነበር። አዲሱ ኃይል ከዚያ መለየት ነበረበት። የመጀመሪያው ኮሚሽነር ማይክል ስቴይንስ፣ ጋርዳ የሚሳካለት በጦር መሣሪያ ወይም በብዛት ሳይሆን የሕዝብ አገልጋይ በመሆኑ በሚያገኘው የሞራል ሥልጣን ነው አሉ። «ወይም በብዛት» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ዛሬም ጋርዲ ይህን ቃል በኩራት ይጠቅሱታል። ሊኮሩበትም ይገባል። የእርስ በርስ ጦርነት ጫፍ ላይ በቆመች አገር ባዶ እጁን መንገድ ላይ መውጣት ቀላል ድፍረት አይደለም።

በ1925 የደብሊን ከተማ ፖሊስ ከዚሁ ኃይል ጋር ተዋሐደ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሰሜን አየርላንድ ግጭት ሲፈነዳ ድንበሩ ብዙ ሰው ጠየቀ፤ ኃይሉም አደገ።

ሄሮይን ደብሊን ሲገባ

የዛሬው ክርክር ሥር ያለው እዚህ ነው። ከ1979 ገደማ ጀምሮ ርካሽ ሄሮይን ወደ ደብሊን ጎረፈ። የሰፈረው መሀል ከተማ ባሉ የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ሕንፃዎች ነው፤ እኛ የቀበሌ ቤት እንደምንለው ማለት ነው። ሃርድዊክ ስትሪት፣ ሸሪፍ ስትሪት፣ ሴንት ተሬዛስ ጋርደንስ ዋናዎቹ ነበሩ። በነዚህ ሰፈሮች አባት ከልጅ እየተቀባበለ ወደብ ላይ ሲሠራ ኖሯል። ዕቃ በኮንቴይነር መጫን ሲጀመር የወደብ ሥራው ጠፋ። ልጆቹ ሥራ ፈት ሆኑ። ሻጮቹ የደረሱት ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

በ1982 እና በ1983 በሰሜን መሀል ደብሊን በአንድ ሰፈር ጥናት ተካሄደ። ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ወጣቶች 10 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሄሮይን መጠቀማቸው ተገኘ። ከአሥር ልጆች አንዱ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ኤችአይቪ በመርፌ ተከተለ። ሁለትና ሦስት ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች አሉ።

ነዋሪው ለመንግሥት ጮኸ። መንግሥት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሻጮቹ በጠራራ ፀሐይ ደረጃ ላይ ቆመው ሲሸጡ ፖሊስ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነበር። በ1983 ወላጆች ራሳቸው ተደራጁ። ንቅናቄያቸው «ዕፅ ያሳሰባቸው ወላጆች» ተባለ። አሠራራቸው በግልጽ ነበር። ሕዝባዊ ስብሰባ ይጠራል። የሚጠረጠር ሰው ስም በአደባባይ ይነሣል። ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ይሰጠዋል። ካላቆመ ሰልፍ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሰፈሩን ልቀቅ ይባላል። ሌሊት ሌሊት እናቶችና አባቶች በሕንፃው መግቢያ ላይ እሳት አንድደው ይጠብቁ ነበር።

ይህ ንቅናቄ እስከ ዛሬ ያወዛግባል። ሕግን በእጅ ማስገባት ነው ያሉ ብዙ ናቸው። ሰሜን አየርላንድን ከብሪታኒያ ለማላቀቅ የሚዋጋው ታጣቂ ቡድን አይአርኤ ከጀርባ አለበት የሚል ክስም ነበር። የዚሁ የአይአርኤ ዓላማ ደጋፊዎች (ሪፐብሊካኖች) በሰልፎቹ መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ምን ያህል ይመሩት እንደነበር ግን አከራካሪ ነው። እኔ ስለ ወላጆቹ ያነበብኩት ሁሉ የሚመሰክረው ልጆቻቸውን ለማትረፍ መውጣታቸውን ነው። በዘመኑ ፖሊስ ከሻጮቹ ይልቅ እኛን ይከታተላል ብለው ያማርሩ ነበር።

በፓርላማ የዚህ ሰፈር ድምፅ ቶኒ ግሪጎሪ ነበር። በፌብሩዋሪ 1982 በግል ተወዳድሮ ገባ። ቻርልስ ሆሂ መንግሥት ለመመሥረት ድምፅ ሲጎድላቸው ወደ እሱ መጡ። ግሪጎሪም ለመሀል ደብሊን ቤትና ሥራ የሚያመጣ ስምምነት አስፈረማቸው። ያ መንግሥት በዚያው ዓመት ስለወደቀ አብዛኛው ሳይፈጸም ቀረ። ግሪጎሪ ግን አልቀረም። ክራባት ሳያስር ፓርላማ እየገባ፣ ስለ ዕፅ እስከ ዕለተ ሞቱ ጮኸ። የመንገድ ላይ ነጋዴ ሴቶችን ደግፎ በ1986 ማውንትጆይ እስር ቤት ገብቷል። በ2009 ዐረፈ።

የ1996 በጋ

ጁን 7 ቀን 1996 መርማሪ ጋርዳ ጄሪ ማኬብ አዴር በተባለች ከተማ ለዝርፊያ በወጡ የአይአርኤ ታጣቂዎች ተገደለ። ጁን 26 ደግሞ ስለ ዕፅ ነጋዴዎች ትጽፍ የነበረችው ጋዜጠኛ ቬሮኒካ ጌሪን መኪናዋ ውስጥ በጥይት ተገደለች። አገሩ ተናወጠ። መሀል ከተማ ያሉ ወላጆች 13 ዓመት ሲሉት የቆዩት ነገር በአንድ ወር ውስጥ ብሔራዊ ጉዳይ ሆነ።

ሕጎች በሩጫ ወጡ። በዕፅ ዝውውር የተጠረጠረን ሰው እስከ 7 ቀን ይዞ መመርመር ተፈቀደ። ትልቁ ግን በዚያው ዓመት የተቋቋመው የወንጀል ንብረት ቢሮ ነው። ፖሊስ፣ ግብር ሰብሳቢና የማኅበራዊ ድጎማ ሠራተኞች በአንድ ቢሮ ተቀመጡ። ባለቤቱ በወንጀል ባይፈረድበትም ንብረቱ የወንጀል ፍሬ መሆኑ በፍትሐ ብሔር ደረጃ ከታየ ሊወረስ ይችላል። ይህ የንጹሕነት ግምትን ይጥሳል የሚሉ የሕግ ሰዎች ነበሩ። በፍርድ ቤት ተፈትኖ ግን ጸንቷል። ሌሎች አገሮችም መጥተው ተምረውበታል።

በኦክቶበር 1996 በፓት ራቢት የሚመራው የሚኒስትሮች ግብረ ኃይል ሄሮይን ከድህነት ጋር የተጣበቀ መሆኑን በግልጽ ጻፈ። በክፉ በተጎዱ ሰፈሮች ነዋሪው፣ ፖሊሱና የጤና ሠራተኛው አብረው የሚቀመጡባቸው የአካባቢ ግብረ ኃይሎች ተቋቋሙ። ፖሊስና ነዋሪ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በ1997 ምርጫ የፊያና ፎይል ፓርቲው ጆን ኦዶናሁ «ዜሮ ትዕግሥት» የሚል መፈክር ከኒው ዮርክ አመጡ። አሸንፈው የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዓመት ማዘጋጃ ቤቶች በዕፅ ሽያጭ ወይም በረብሻ የተከሰሰ ተከራይን የሚያስወጡበት ሕግ ወጣ። ከ2007 ጀምሮ ሰፈር የሚረብሽ ሰው ከድርጊቱ እንዲታቀብ ፍርድ ቤት የሚያዝዝበት የጠባይ ማረሚያ ትእዛዝ ሥራ ላይ ዋለ፤ ብዙም አልተጠቀሙበትም። በ2006 የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኛ ተጠባባቂ ጋርዲ ተመረቁ። የጋርዳ ማኅበራት በርካሽ ፖሊስ ሊተኩን ነው ብለው ተቃወሙ።

ሊምሪክ

የሊምሪክ ከተማ ሞይሮስና ሳውዝሂል ሰፈሮች በ2000ዎቹ በወንበዴ ቡድኖች ጠብ ታመሱ። በ2006 ሞይሮስ ውስጥ ሁለት ሕፃናት የተቀመጡበት መኪና በእሳት ተለኮሰ። ክፉኛ ተቃጥለው በሕይወት ተረፉ። በ2007 የጆን ፊትዝጄራልድ ሪፖርት ተጨማሪ ፖሊስ፣ ሥራና አዲስ ቤት ሦስቱም አንድ ላይ ካልመጡ አይሆንም አለ። ፖሊሱ መጣ። ጠቡም ረገበ። ከዚያ የገንዘብ ቀውሱ ደረሰና የቤቱ ግንባታ ወደ ኋላ ቀረ።

ጫት የሚያውቅ አንባቢ የሚረዳው ነገር

በ2010 አየርላንድ ውስጥ ከ100 በላይ «ሄድ ሾፕ» የሚባሉ ሱቆች በሕጋዊ መንገድ አነቃቂ ዱቄት ይሸጡ ነበር። ዋናው ሜፌድሮን ነው። ይህ ኬሚካል ጫት ውስጥ ያለው የካቲኖን ዘመድ ነው፤ በላቦራቶሪ የተሠራና እጅግ የበረታ። በየከተማው ሰልፍ ወጣ። መንግሥት በወራት ውስጥ አገደው፤ ሱቆቹም ከሞላ ጎደል ተዘጉ። ጫት ራሱም አየርላንድ ውስጥ ክልክል ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ በፖስታ ሲመጣ ጉምሩክ ይይዘዋል። ከአዲስ አበባ ለወዳጁ የሚልክ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

የተዘጉት 139 ጣቢያዎች

የገንዘብ ቀውሱ በ2008 አገሪቱን ወገብ ወገቧን መታት። በ2009 የቴምፕልሞር የፖሊስ ማሰልጠኛ ምልምል መቀበል አቆመ። እስከ ሴፕቴምበር 2014 አልተከፈተም። አምስት ዓመት አዲስ ሰው ሳይገባ ነባሩ ጡረታ ወጣ። በ2009 ወደ 14,500 የነበረው ኃይል በ2014 ከ13,000 በታች ወረደ።

በላዩ ላይ የጣቢያዎቹ ነገር መጣ። አገሪቱ 703 የፖሊስ ጣቢያ ነበራት። በ2012 39፣ በ2013 ደግሞ 100 ተዘጉ። ቀሪው 564 ሆነ። የፍትሕ ሚኒስትሩ አለን ሻተር መከራከሪያ ነበራቸው። ብዙዎቹ ጣቢያዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የተወረሱ ናቸው፤ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈቱት፤ ወረቀት የሚጽፈው ጋርዳ መንገድ ላይ ቢወጣ ይሻላል አሉ። ነገሩ በወረቀት ላይ ሲያዩት ስሜት ይሰጣል። የተገኘው ቁጠባ ግን ትንሽ ነበር። ለገጠሩ ሰው ጣቢያ ማለት ሕንፃው ብቻ አልነበረም። ፓስፖርት የሚያስፈርመው፣ ልጁ ሲያጠፋ ቤት መጥቶ የሚያናግረው፣ የማን በግ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነበር። እሱ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሄድ ሰፈሩ የሚያውቀው ጋርዳ አልነበረውም።

ሌቦች በአዲሶቹ አውራ ጎዳናዎች ከከተማ እየነዱ ገጠር ቤት ይዘርፉና ይመለሱ ነበር። በ2015 ታርልስ ከተማ ውስጥ የተማረረ ገበሬ አዳራሽ ሞልቶ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፖሊስ «ኦፕሬሽን ቶር» የተባለ የቤት ዘረፋ ዘመቻ ጀመረ፤ ስርቆቱም ቀነሰ። ጣቢያ ስለተዘጋ ነው ስርቆት የበዛው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ተናጋሪው ፓርቲ ይለያያል። የወንጀል አኃዙም ቢሆን ያኔ ያስቸግር ነበር። የስታቲስቲክስ ቢሮው ከ2018 እስከ 2023 በፖሊስ መዝገብ ላይ የተመሠረተውን አኃዝ «በጥንቃቄ ይነበብ» የሚል ምልክት እየለጠፈ ነው ያወጣው።

ከተዘጉት ስድስቱ እንዲከፈቱ በኋላ ተወሰነ። አንዱ በደቡብ ደብሊን ያለው ስቴፓሳይድ ነው። የምርጫ ክልሉ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ የሼን ሮስ ነበር። እሳቸው ለሰፈሬ ታገልኩ አሉ፤ ተቃዋሚዎች ጉቦ ለመራጭ ነው አሉ። በ2020 ተከፈተ።

ከሪጀንሲ ሆቴል እስከ ፓርኔል አደባባይ

በፌብሩዋሪ 2016 ደብሊን ሪጀንሲ ሆቴል ውስጥ ቦክሰኞች ከውድድር በፊት ክብደታቸውን ሲመዘኑ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱ። ኪናሃንና ሃች የተባሉ የወንጀል ቡድኖች ጠብ እየሰፋ ሄደ። በዚህ ጠብ 18 ያህል ሰው ሞቷል። መሀል ከተማ ሕፃናት የታጠቀ ፖሊስ ቆሞ እያዩ ትምህርት ቤት ሄዱ። በ2017 የኪራን መልቪ ሪፖርት ለሰሜን ምሥራቅ መሀል ደብሊን የተለየ በጀትና ጽሕፈት ቤት አመጣ።

የፖሊሱ ቁጥር በ2020 ወደ 14,750 ደርሶ ነበር። በ2023 እንደገና ወደ 14,000 አካባቢ ወረደ። ፖለቲከኞች በዚህ ላይ ይነታረካሉ፤ የሕዝቡን ብዛት ግን ብዙ ጊዜ አያነሡም። በ2009 ለ4.5 ሚሊዮን ሕዝብ 14,500 ጋርዲ ማለት ለ1,000 ሰው 3.2 ነው። በ2022 ቆጠራ ሕዝቡ 5.15 ሚሊዮን ሆነ። በ14,000 ቢሰላ 2.7 ብቻ ነው።

በሴፕቴምበር 2023 የጋርዲው ማኅበር አባላት 98.7 በመቶ በኮሚሽነር ድሩ ሃሪስ ላይ እምነት እንደሌላቸው ድምፅ ሰጡ። ዋናው ጠብ የሥራ ፈረቃ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኖቬምበር 23፣ ፓርኔል አደባባይ አጠገብ አንድ ሰው ሕፃናትንና ተንከባካቢያቸውን በጩቤ ወጋ። ብራዚላዊ ምግብ አድራሽ ሞተሩን አቁሞ በራስ ቁሩ መታው። ስለ አጥቂው የትውልድ አገር ወሬ በስልክ ተዛመተ። ማታ ከተማው ነደደ። ትራም፣ አውቶቡሶችና የፖሊስ መኪኖች ተቃጠሉ፤ ሱቆች ተዘረፉ። 400 ያህል ጋርዲ ወጡ። ያለ ጠመንጃ፣ ብዙዎቹም የሁከት ሥልጠና ሳይኖራቸው ቆሙ። በዚያች ሌሊት የሞተ ሰው የለም። ይህ ለእነሱ መነገር አለበት።

ተቃዋሚው ፓርቲ ሺን ፌን በፍትሕ ሚኒስትሯ በሄለን ማከንቲ ላይ ተነሣ። ሚኒስትሯ በምክር ቤቱ 83 ለ63 ተረፉ። ከዚያ በኋላ የምልመላ ዕድሜ ጣሪያ ከ35 ወደ 50 ከፍ አለ። የሠልጣኝ አበል ቀደም ብሎ በሳምንት ከ184 ወደ 305 ዩሮ አድጎ ነበር። በ2024 የደብሊን ግብረ ኃይል ለከተማዋ 1,000 ተጨማሪ ጋርዲ ጠየቀ። በ2025 የተመሠረተው መንግሥት በአምስት ዓመት 5,000 አዲስ እመለምላለሁ ብሏል።

ዕፁ ወንጀል ነው ወይስ በሽታ?

በ2023 በዕጣ ከተመረጡ ተራ ሰዎች የተውጣጣ የዜጎች ጉባኤ ዕፅን መረመረ። በ36 ምክረ ሐሳቦቹ፣ ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው በቅድሚያ በጤና መንገድ ይታይ አለ። ካናቢስን ሕጋዊ የማድረግ ሐሳብ በአንድ ድምፅ ወደቀ።

ተጠቃሚው በጤና ሠራተኞች ክትትል ሥር ዕፁን የሚወጋበት የመጀመሪያው ማዕከል ደብሊን መርቻንትስ ኪ ላይ በዲሴምበር 2024 ተከፈተ። ሕጉ የወጣው በ2017 ነው። መዘግየቱ በአጠገቡ ያለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለተቃወመ ጉዳዩ ፍርድ ቤት በመሄዱ ነው። ሁለቱም ወገን ስለ ልጆች ነበር የሚናገረው። አንዱ ወደ ትምህርት ቤት ስለሚሄደው፣ አንዱ መተላለፊያ ውስጥ ብቻውን ስለሚሞተው።

ሸሪፍ ስትሪት አቅራቢያ፣ ባኪንግሃም ስትሪት ላይ፣ «ቤት» የሚባል ሐውልት ቆሟል። የበር ቅርጽ ውስጥ የነሐስ ነበልባል አለበት። በሄሮይን የሞቱ የሰፈሩ ልጆች መታሰቢያ ነው። በየዓመቱ ገና ሲቃረብ ቤተሰቦች እዚያ ዛፍ ያበራሉ፤ ለሞቱት ልጆቻቸውም ኮከብ ይሰቅላሉ።